የኬልቪን ጫጩቶች

ኬልቪን ትሬጊር አፉ ከአእምሮው ቀድሞ የሚሮጥ ሰው መሆኑን ዋራኪን ውስጥ የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ ያን እሑድ በክለቡ አዳራሽ ብድግ ብሎ ያን ነገር ሲናገር፣ ዕድሜ ልኳን የለመደችው ሚስቱ ጆስሊን እንኳ የሻይ ስኒዋን አስቀምጣ ግንባሯን ያዘች።

ስብሰባው የተጠራው ክለቡን ለመቅበር ነበር፤ በጨዋ ቋንቋ «ውህደት» ይሉታል። የዋራኪን እግር ኳስ ቡድን ካሸነፈ ቆይቷል። እግር ኳሱ የእኛ አገሩ ነው፤ ከየወገኑ አሥራ ስምንት ሰው ተሰልፎ፣ ሞላላ ኳስ በእግር እየመታ በእጅም እየያዘ፣ አራት ሩብ የሚጫወተው። ግማሾቹ ተጫዋቾች ጉልበታቸው በፋሻ የተጠቀለለ፣ ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በኋላ ያለውን ቢራ የሚናፍቁ ጎልማሶች ናቸው። የቀሩት ከትልቁ ከተማ በክፍያ የመጡ ስለነበሩ፣ ሌላ ክለብ ትንሽ ጨምሮ ሲጠራቸው የጫማቸውን ጭቃ እንኳ ሳያራግፉ ሄዱ። ከስንዴው ማሳ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ዳንሞራ ደግሞ አዘነችልን። «ኑ እንዋሃድ» አለች። «ሜዳው የእኛ፣ ስሙ የእኛ፣ ማልያውም የእኛ ይሁን። እናንተ ሰው ብቻ አምጡ።»

ኬልቪን በጉልምስናው የቡድኑ አምበል ነበር። አሁን ስንዴ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ሐሳብም አያጥረውም።

«ቡድኑን ለእኔ ስጡኝ» አለ። «ሽማግሌዎቹን በሙሉ አሰናብቼ ከታዳጊው ቡድን ያሉትን ልጆች አሰልፋለሁ።»

«እነዚያን ወተት ጠጪዎች?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሜዳ ላይ ከቢራ ወተት ይሻላል! ስሙኝ፣ አንድ ጨዋታ ነው የምላችሁ። በዚህ የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ ካላሸነፉ የውህደቱን ሐሳብ የማቀርበው እኔ ራሴ ነኝ። የዳንሞራን ቡናማ ማልያ ለብሼ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ቆሜ!»

ድምፅ ተሰጠና ተፈቀደለት። ግማሹ ሰው እጁን ያወጣው ክለቡን ስለሚወድ ነው። ግማሹ ግን፣ እንነጋገር ከተባለ፣ ኬልቪንን በቡናማ ማልያ ለማየት ጓጉቶ ነው።

ጣጣው ከተሰናባቾቹ ሽማግሌዎች አንዱ የእህቱ የጁዲ ባል መሆኑ ላይ ነበር። ዳሪል ፔንሮዝን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ጎተራ ነው የሚባለው። በባቡር ሐዲዱ አጠገብ የቆመውን የእህል ጎተራ ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ቦታው ከጎሉ ፊት ለፊት ነው፤ ቆሞ ኳስ ይጠብቃል፣ ኳስ ካልመጣም ይቆማል። ኬልቪን ወሬውን ሌላ ሰው ሳያደርስለት ብሎ ወደ ጎተራ የበግ በረት ሄደ።

«እኔን?» አለ ጎተራ፣ የያዘውን በግ ሳይለቅ።

«አንተን።»

«የእህትህን ባል?»

«የእህቴን ባል።»

«ባለፈው ዓመት ከሁሉ በላይ ጎል ያገባሁት እኔ አይደለሁም?»

«ስድስት ነው ያገባኸው፣ ጎተራ። ዓመቱን ሙሉ ስድስት።»

«ከሁሉ በላይ ነው እኮ!»

በጉ ተፈራግጦ ባያመልጥና ሁለቱም ሊይዙት ባይሮጡ ኖሮ ነገሩ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ጁዲ ቤት ምሳ ተበላ። የበጉ ጥብስ ሁሉንም ዞረና የኬልቪን ሳህን ላይ ሲደርስ ድንች ብቻ ሆነ።

«ሥጋውስ?» አለ ኬልቪን።

«ጫጩቶችህን ጠይቃቸው» አለች እህቱ።

የልጆቹ ስም በዚያው ጫጩት ሆኖ ቀረ። ጎተራ ደግሞ በነጋታው ዳንሞራ ድረስ ነድቶ፣ በኬልቪን ልክ አንድ ቡናማ ማልያ ገዝቶ፣ በክለቡ አዳራሽ ከቢራው መቅጃ በላይ በሚስማር ሰቀለው። «እንዳይጨማደድበት ብዬ ነው» አለ ለጠየቀው ሁሉ።

ጫጩቶቹ በእርግጥም ጫጩት ነበሩ። አምበሉ ኔድ ኦሊየሪ የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ተኝቶም የሚያወራ። ክላንሲ ሙር በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት ስለረዘመ እጁና እግሩ ገና አልተዋወቁም። ቀይ ጸጉራሞቹ የፓስኮ መንትዮች፣ ሂዩና ሎኪ፣ እናታቸው ከኋላ ስታያቸው ለጥንቃቄ ሁለቱንም ስም የምትጠራቸው ናቸው። የቀሩትም ያው ናቸው፤ ከትምህርት ቤት አውቶብስ ወርደው በቀጥታ ወደ ሜዳ የሚመጡ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዳንሞራ ላይ ነበር። ያን ቀን የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም፤ ሰው ነንና። የዳንሞራ ውጤት ሰሌዳ በሚስማር የሚንጠለጠሉ የቆርቆሮ ቁጥሮች ያሉት ነው። ለባለሜዳዎቹ የሚሰቀል ቁጥር አልቆባቸው በጠመኔ ጣውላው ላይ እንደጻፉ ብቻ ልናገር። በእኛ አካባቢ ሰው መኪናውን በሜዳው ዙሪያ አፍንጫውን ወደ አጥሩ አድርጎ ያቆምና ቡድኑ ጎል ባገባ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋል። ያን ቀን ጡሩምባ ሲነፋ የዋለ አንድ የዳንሞራ ሰው ማታ መኪናው አልነሳ ብሎት ተገፍቶ ነው የሄደው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ከጎሉ ጀርባ የቆመች አንዲት የዋራኪን ፒክአፕም አብራ ትነፋ ነበር። ውስጧ ጎተራ ተቀምጧል።

«የማን ወገን ነህ አንተ?» አለው ኬልቪን በመስኮቱ።

«ጡሩምባዬ ዝጎብኝ ነው። እናንተን ብጠብቅ መቼ ልሞክረው?»

ኬልቪን ያን ክረምት ብዙ ዋጠ። ልጆቹን ግን አልለቀቃቸውም። በዝናብ፣ በጭቃ፣ በአንድ የመብራት እንጨት ሥር ያሯሩጣቸዋል። ቀኝ እግረኛውን በግራ፣ ግራ እግረኛውን በቀኝ ያስመታል።

«አትደርሱበትም የሚባል ኳስ የለም» ይላቸዋል። «ትልልቆቹ ኳሱን ያዩና ያስባሉ። እናንተ አታስቡ፣ ሩጡ!»

«እኛ ማሰብ ብንችል መቼ እዚህ እንመጣ ነበር፣ ኬል?» ይላል ኔድ።

በየሳምንቱ ተሸነፉ። ኬልቪን ግን አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። በአራተኛው ሩብ፣ ባላንጣዎቹ ወገባቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ ጫጩቶቹ ገና እንደ ጠዋት ነው የሚሮጡት። በመጀመሪያ የመጨረሻዋን ሩብ ብቻ አሸነፉ። ከዚያ ሦስተኛዋንም። አንድ ቅዳሜ በጥቂት ነጥብ ብቻ ተሸንፈው ሲወጡ፣ ካንቲን ውስጥ በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ፓይ የምትሸጠው ጁዲ ሳታስበው ስታጨበጭብ ተያዘች። «እጄ ላይ ዱቄት ነበር» አለች።

ጎተራን የሰበረው ግን ክላንሲ ነው። አንድ ከሰዓት በብስክሌቱ በረቱ ድረስ መጣ።

«ጎተራ፣ ኳሱን ዘልዬ ልይዝ ስል ትልልቆቹ ይገፈትሩኛል። አንተን ማንም አይገፋህም። እንዴት ነው ሚስጥሩ?»

«መብላት።»

ልጁ አልሄደም። «እሺ፣ ከበላሁ በኋላስ?»

ጎተራ ከስንብቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ በረቱ ውስጥ አቆመው። ኳሷ አየር ላይ እያለች ባላንጣን በዳሌ እንዴት ከቦታው እንደሚያስለቅቁት፣ ዓይን ከኳስ ሳይነቀል በክርን እንዴት እንደሚለኩት አሳየው። ክላንሲ በተደጋጋሚ ገለባ ላይ ወደቀ፤ በተደጋጋሚም ተነሳ። ከዚያ ወዲህ የጎተራ ፒክአፕ ለዳንሞራም ለማንም አልነፋችም። ኬልቪን ነገሩን አየ፤ አየና ዝም አለ። ጆስሊን ይህን እንደ ተአምር ነው የምትቆጥረው።

እንዲህ እንዲህ ሲል የመጨረሻው ጨዋታ መጣ። በእኛ ሜዳ፣ ከማን ጋር? ከዳንሞራ ጋር! እስከዚያ ቀን አንድም ድል የለም። የኬልቪን ቃልም ማልያውም ሚስማሩ ላይ ናቸው። በዚያ ላይ አንዱ ልጅ የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ፣ አንዱን ኩፍኝ ያዘው፣ ተጠባባቂም ጎደለ። ኬልቪን እንደገና ወደ በረቱ ሄደ።

«ተጠባባቂ ትሆነኛለህ?» አለ መሬት መሬት እያየ። «ወንበር ላይ ብቻ።»

ጎተራ ብዙ ጊዜ ወስዶ አሰበ። «ወንበሩ ይችለኛል?»

ቅዳሜ መኪኖቹ ሜዳውን ከበቡት። ዳንሞራዎች በሳቅ ገቡ፤ አንዱማ ለኬልቪን የማልያ መተኮሻ ካውያ ይዞለት መጥቷል። በመጀመሪያው ሩብ ሳቃቸው አልተቋረጠም። በሁለተኛው ቀነሰ። ሦስተኛው ሩብ አልቆ ልጆቹ ሜዳው መሐል ተሰብስበው ሲቆሙ፣ እንደ ወጉ ሰዉ ሁሉ ከየመኪናው ወርዶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ አሰልጣኙ የሚለውን ሊሰማ ከበባቸው። ሕፃን የታቀፈ አለ፣ ውሻ ያስከተለ አለ፣ ፓይ የሚገምጥ አለ። በሁለት ጎል ብቻ ነው የሚመሩን!

ኬልቪን ሳምንቱን ሙሉ ያጠናው ንግግር ነበረው። የልጆቹን ፊት አየና ጠፋበት።

«ደክሟችኋል?» አለ።

«አይ!»

«እነሱንስ እዩአቸው።»

ልጆቹ ዞረው አዩ። ዳንሞራዎች ሣሩ ላይ ተዘርረዋል።

«በቃ ይኸው ነው ንግግሩ» አለ ኬልቪን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን በቅደም ተከተል ያስታውሳል? ኔድ ኳሷን ከመሬት ላፍ አድርጎ በሁለት ሰው መሐል ሾለከና መታ፤ ከአራቱ የጎል ቋሚዎች በመካከለኞቹ ሁለት መሐል ገባች፣ ስድስት ነጥብ! ጡሩምባው ሁሉ ጮኸ። ክላንሲ ከዳንሞራው አምበል ከብሮዲ ካርሞዲ ጋር አየር ላይ ተገናኘ፤ በዳሌው ገፋ አድርጎ፣ ልክ በረቱ ውስጥ እንዳየው፣ ኳሷን በረዣዥም እጆቹ ያዛት። ሌላ ጎል! ከዳር ዳር ያሉት ቋሚዎች የሚሰጧት አንዳንድ ነጥብ ተጨማምራ ዋራኪን በሁለት ነጥብ መራ። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ አጥሩን ይደበድባል። ጁዲ ካንቲኑን ጥላ ወጥታለች፤ ድንቹ ዘይት ውስጥ ያርራል፣ ማንም አልጠየቃትም።

ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ከመንትዮቹ አንዱ ባቱን ይዞ አነከሰ። ኬልቪን ወደ ወንበሩ ዞረ። የቀሩት ልጆች ምላሳቸው ወጥቷል፤ ትኩስ ጎተራ ብቻ ነው። ጎተራ ትከሻው ላይ የጣለውን ብርድ ልብስ አወረደ።

«ግባ!» አለው ኬልቪን፤ ጎን ለጎን ወደቆሙት መንትዮችም እጁን አወናጨፈና የመውጣት ምልክት አሳየ። ጎተራ ዓመቱን ሙሉ የጠበቃት ቃል ናትና የሚወጣው ልጅ እስኪወጣ አልታገሠም፤ መሬቱን እያንቀጠቀጠ ወደ ጎሉ ፊት ገሰገሰ። ሂዩ የተጠቆመው ሎኪ መሰለው። ሎኪ የተጠቆመው ሂዩ መሰለው። ያነከሰውም ባቱን ረስቶ፣ ሁለቱም ኳሷን ተከትለው ሮጡ።

ኬልቪን ውኃ ሊያቀብል ወደ ወንበሩ ሲዞር አራት ሰው መኖር ሲገባው ሦስት አገኘ። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ሦስት።

ሜዳ ላይ በአሥራ ስምንት ፈንታ አሥራ ዘጠኝ ሰው አለን። በጨዋታችን አምበል ከተጠራጠረ «ቁጠርልኝ» ብሎ ዳኛውን ማስቆም ይችላል። ሲቆጠር አንድ ሰው ከተረፈ ያ ቡድን ያገባው ሁሉ ይሰረዛል፤ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ፣ ባዶ! ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ዝናብ፣ ክለቡም አብሮ።

መጮህ አይችልም፤ የዳንሞራ ወንበር አጠገቡ ነው፣ ቢጮህ እነሱ ይነቃሉ። እጁን ቢያወናጭፍ ጫጩቶቹ ሌላ ነገር ይገባቸዋል። «ጆስሊን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማልያው ልኬ ነው?»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

በዚያች ቅጽበት ኔድ ኳሷን ከሩቅ ወደ ጎተራ ላካት። ጎተራ ብቻውን ነው። ከጀርባው ጎሉ፣ ከፊቱ ሰማዩና እየወረደች ያለች ኳስ። ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ሲዘረጋ ሁለት ቀይ ራሶች ጎን ለጎን ወደ እሱ ሲሮጡ አየ። አንደኛው እኮ ወንበር ላይ መሆን ነበረበት!

ጎተራ እጁን አወረደ። ዞረና የጎሉን መሥመር ተራምዶ ወጣ፤ አጭሩን አጥር ሆዱን እያስቀደመ ተሻግሮ ወደ ፒክአፑ ሄደ። በወንበሮቹ አጠገብ ባለው የመቀያየሪያ በር ያልወጣ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም። ይህን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኳሷ ባዶ ሣር ላይ ነጠረች። አንድ ዳንሞራ ቀለባት፣ ለሌላው ሰጠ፣ ሌላው በክፍቱ ክንፍ በረረ! የሚያቆመው የለም፤ ጎል ካገቡ አለቀልን። ኬልቪን ዓይኑን ጨፈነ። የሰማው ግን ጎል አልነበረም፤ ፊሽካ ነው።

«ቁጠርልኝ!» ይላል ብሮዲ ካርሞዲ ዳኛው ፊት ቆሞ። «አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ ራሴ ቆጥሬአለሁ!»

«እየሮጥኩ እኮ ነበር!» አለ ኳሷን የያዘው የገዛ ቡድኑ ሰው ሊያለቅስ ቃጥቶት። «ብቻዬን እየሮጥኩ!»

ጨዋታው ቆመ። ዳኛው ጫጩቶቹን መሐል ሜዳ አሰልፎ ትከሻ ትከሻቸውን እየነካ ቆጠረ። ከመኪና ሬዲዮ በቀር ድምፅ የለም፤ እሱንም አንድ ሰው አጠፋው። ኬልቪን በከንፈሩ አብሮ ይቆጥራል፣ ጆስሊን ክንዱን ጨምድዳ ይዛዋለች። ዳኛው መጨረሻ ላይ የቆመውን የክላንሲን ትከሻ ለመንካት ተንጠራራ።

«አሥራ ስምንት።»

«ድገመው!» አለ ብሮዲ። «ያ ግዙፉ ሰውዬስ? እዚህ ነበር እኮ!»

ዳኛው ደገመው። «አሥራ ስምንት። እኔ የምቆጥረው ያለውን ነው፤ የነበረውን አይደለም። ያለ ምክንያት ጨዋታ አስቁመሃል። ቅጣቱ፣ ኳሷ ለዋራኪን አምበል፣ ሃምሳ ሜትር ወደ ፊት!»

ኔድ ኳሷን ይዞ ከጎሉ ፊት ለፊት ቆመ። ከተወለደ ጀምሮ ዝም ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ። ሦስት እርምጃ ሮጦ መታት። ኳሷ ወጣች፣ ተሽከረከረች፣ በመካከለኞቹ ቋሚዎች መሐል አልፋ ከጎሉ ጀርባ የቆመች አንዲት ፒክአፕ ጣራ ላይ ዷ! ብላ አረፈች።

የመጀመሪያው ጡሩምባ የተነፋው ከዚያች ፒክአፕ ነው። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። የማብቂያውን ሳይረን የሰማ ሰው የለም፤ ዳኛው ኳሷን ታቅፎ ሲወጣ ነው ያወቅነው። ኬልቪን ኮፍያውን ወርውሮ ጠፋበት፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አዳራሹ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ጁዲ የበግ ጥብስ የሞላ ሳህን ለወንድሟ አቀበለች። መንትዮቹ አንዱ በሌላው እያሳበበ ይጨቃጨቃሉ፤ ቢራውን የያዘው ዳኛ ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ ጣሪያውን በጥሞና ያያል። ብሮዲ ካርሞዲ ጨዋ ነውና እጅ ሊጨብጥ መጣ። ኔድ ወንበር ላይ ወጥቶ ቡናማውን ማልያ ከሚስማሩ አወረደና አጣጥፎ ሰጠው።

«ይኸው፣ ወንድሜ። ያ የቆጠርከው አሥራ ዘጠነኛ ሰው ሲመጣ ታለብሰዋለህ።»

ብሮዲ ራሱ ሳቀ።

ኬልቪን በሳህኑ ጥግ ለጎተራ ቦታ ሰጠውና ሥጋውን ለሁለት ከፈለው። ጎን ለጎን ቆመው በሉ።

«ብቻህን ነበርክ እኮ» አለ ኬልቪን በመጨረሻ። «ኳሷ እጅህ ላይ ልትወድቅ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅካት ጎል። አላሳዘነችህም?»

ጎተራ አፉ የያዘውን እስኪውጥ አስጠበቀው።

«ምን ያሳዝነኛል? ባለፈው ዓመት ስድስት አግብቼ የለም እንዴ!» አለ፤ አጥንቱንም አነሳ። «ከሁሉ በላይ ነው እኮ!»